ለላሟ ዘፈን ከመክፈታችሁ በፊት፦ ሙዚቃን ለቤት እንስሳት የመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

የምንኖረው ጂማ፣ ኮጪ ሰፈር ነው። ሦስት ላሞች አሉን። ሁለቱ ዲቃላ ናቸው፣ አንዷ የአገር ላም ናት። ጠዋት እኔ አልባለሁ፣ ማታ እናቴ ታልባለች። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አባባ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ላም ዘፈን ከሰማች ወተት ትጨምራለች ይላሉ። እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «እንጃ አባባ» አልኳቸው። ጥያቄው ግን ከውስጤ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በረታችን ውስጥ ሞከርኩ። በደብተር መዘገብኩ። ያኔ ለአባባ ልሰጣቸው የሚገባኝን መልስ እዚህ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ሙዚቃ ይሠራል፣ ብቻውን ግን ብዙ አይሠራም። እንስሳ ዘፈኑን እንደኛ አይሰማውም። ግጥሙ አይገባውም፣ ዘፋኙን አያውቀውም። ከድምፁ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን ቶሎ ይማራል። ከድምፁ በኋላ ፉርሽካና ረጋ ያለ እጅ የሚመጣ ከሆነ ድምፁ ያረጋጋዋል። ዱላ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በገናም ያስበረግገዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ጆሯቸውን እወቁ

የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል። ላም እስከ 35,000 ገደማ ትሰማለች። ፈረስ እስከ 33,000፣ ውሻ እስከ 45,000፣ ድመት ደግሞ ከ60,000 በላይ። ዶሮ ከሁላችንም ታንሳለች፤ እስከ 7,000 ገደማ ብቻ ነው የምትሰማው።

ይህ ምን ይጠቅመናል? እኛ «ትንሽ ይጮሃል» የምንለው የብረት ፍጭት ላሟን በጣም ያውካታል ማለት ነው። የላም ጆሮ በጣም የሚነቃው ቀጭን ድምፅ ላይ ነው። የብረታ ብረት ቤት መቁረጫ፣ የዛገ ማጠፊያ፣ የባጃጅ ፍሬን፣ ባልዲ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት፤ እነዚህ ሁሉ እሷን ከኛ የበለጠ ይወጓታል።

እርምጃ አንድ፦ ከሙዚቃ በፊት ጸጥታ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ ስለዚህ ጊዜ ወስጄ ልጻፈው።

አንድ ጠዋት ከማለባችሁ በፊት በረት ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጡ። አሥር ደቂቃ ዝም በሉ። የሰማችሁትን ድምፅ ሁሉ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ድምፅ አጠገብ ላሟ ምን እንዳደረገች ጻፉ። ራሷን ቀና አደረገች? ማመስኳቷን አቆመች? ጆሮዋን አዞረች? እኔ ይህን ሳደርግ አሥራ አንድ ድምፅ ቆጠርኩ። ላሞቹን ማመስኳት ያስቆሟቸው ሦስቱ ነበሩ። የበሩ ማጠፊያ፣ ባልዲው ሲቀመጥ፣ እና የታናሽ ወንድሜ ጩኸት።

ማጠፊያውን ግራሶ ቀባነው። ከባልዲው ሥር አሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ አነጠፍን። ወንድሜንም አስቀምጬ አናገርኩት። ስለ ጩኸት አንድ ልንገራችሁ። ተመራማሪዎች ላሞችን በሁለት መንገድ መካከል እንዲመርጡ አድርገው ሞክረዋል። ላሞቹ የሚጮህባቸውን ሰው፣ በኤሌክትሪክ መንጃ የመነካትን ያህል ነው የሸሹት። «ሂጂ! ተመለሽ!» እያላችሁ እያስጨነቃችኋት ጎን ለጎን ለስላሳ ሙዚቃ ብትከፍቱ ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው።

የኛ አገር ትልቁ ጩኸት ግን ጣራ ላይ ነው። ጂማ ዝናብ አያጣትም። ክረምቱ ሲገባ፣ አንዳንዴም ከመጋቢት ጀምሮ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከጎናችሁ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። እንዲህ ባለ ሰዓት ስፒከር ከፍታችሁ ከዝናቡ ጋር አታፎካክሩ። ይልቅ ከቆርቆሮው በታች የተተረተረ ኬሻ ወጥሩበት። ሰሌንም ይሆናል። እንሰት ያለው ሰው የደረቀ ቅጠሉን ከኬሻው በላይ ቢያነጥፍ ድምፁን በደንብ ይውጠዋል። ቅጠሉን በየጊዜው መቀየር ያስፈልጋል፣ አለዚያ አይጥ ይገባበታል። እኛ ጋ ይህ ሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ከስፒከሩ ይልቅ ላሞቹን የጠቀማቸው እሱ ይመስለኛል።

እርምጃ ሁለት፦ ዕቃውን መምረጥ

ትልቅ ስፒከር አያስፈልግም። እንደ ጂፓስ ያለ ትንሽ ስፒከር ወይም ስልክ ይበቃል። ባትሪ ያለው ይሁን። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሙዚቃው ቀጥ ይላል፣ ላሟም በማለብ መሀል ትደነግጣለች። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ይህ አይገጥማችሁም።

ሬዲዮ አልመክርም። ቀስ ያለ ዘፈን ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ማስታወቂያ በጩኸት ይገባል። ዘፈኖቹን ፍላሽ ላይ ጫኑ። ሁሉም ድምፃቸው ተቀራራቢ መሆኑን ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ ስሙ።

ስፒከሩን ከላሟ ራስ ሦስት አራት ሜትር አርቁት። ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ገመድ ካለው ላሟ የማትደርስበት ቦታ ይሁን፤ ላም ገመድ ታኝካለች። እርጥብ በረት ውስጥ ቻርጅ አታድርጉ።

የድምፁ መጠን ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ያህል ነው። 60 ዴሲቤል ገደማ ማለት ነው። ስልክ ላይ መለኪያ አፕ አለ፣ ግን ልኩን ላይነግራችሁ ይችላል። እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። ሙዚቃው እየተጫወተ ላሟ ስታመሰኳ ይሰማኛል? ካልተሰማኝ እቀንሰዋለሁ።

እርምጃ ሦስት፦ ምን እንክፈት?

እዚህ ላይ የሚጠቀስ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ አገር የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች 1,000 ገደማ የሆልስታይን ፍሪዥያን ላሞችን ቀርፋፋ ሙዚቃ፣ ፈጣን ሙዚቃና ዝምታ አፈራርቀው አሰሟቸው። ቀርፋፋው በደቂቃ ከ100 ምት በታች ነው፣ ፈጣኑ ከ120 በላይ። በቀርፋፋው ጊዜ አንዲት ላም በአማካይ በቀን 0.73 ሊትር ጨመረች። ይህ 3 በመቶ ገደማ ነው። ፈጣኑ ምንም አልጨመረም።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ ቤታችን እናምጣው። እነዚያ ላሞች በቀን ከ20 ሊትር በላይ የሚሰጡ ናቸው። የኛ ዲቃላ በቀን 8 ሊትር ብትሰጥ፣ 3 በመቶው ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። «ሙዚቃ ወተት እጥፍ ያደርጋል» የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ፉርሽካና ፋጉሎ ቀንሶ ስፒከር የሚገዛ ሰው ይከስራል።

የዘፈኑን ፍጥነት እንዲህ ትለካላችሁ። ሰዓት ይዛችሁ በእግራችሁ ምቱን ምቱ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመታችሁ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ከ15 እስከ 20 ካገኛችሁ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ነው፤ በጣም ጥሩ ነው። 25 ካለፈ ተዉት። ጭፈራ ያለበት ዘፈን፣ ከበሮው የሚያስጨበጭብ፣ እስክስታ የሚያስወርድ ሁሉ ለሰርግ ይቀመጥ።

በኛ ሙዚቃ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሞልቷል። ትዝታ ላይ የተጫወተ ብቸኛ ክራር፣ ቀስ ያለ ዋሽንት፣ በገና። ማሲንቆ ላይ እጠነቀቃለሁ። አንዳንዱ ቅጂ ላይ የጭራው ፍትጊያ ቀጭን ነው፣ ቦራ የምትባለው ላማችን ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፍበታለች። ሰፈራችን ውስጥ ቀስ ያለ መንዙማ የሚከፍቱ አሉ፣ የበገና መዝሙር የሚከፍቱም አሉ። መንፈሳዊ ነገር በረት ውስጥ መከፈቱ ቅር የሚለውም ሰው አለ። ያ የየቤቱ ጉዳይ ነው። ለላሟ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተው ይበቃታል።

እርምጃ አራት፦ ማስለመድ

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን እያለብኩ ሳለ ስፒከሩን ከፈትኩት። ድምፁ ከፍ ብሎ ኖሮ ቦራ ዘለለች። ባልዲው ተገለበጠ፣ የተገኘው ወተት ሁሉ ፈሰሰ። የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ለአራት ቀን ያህል ያንን ስፒከር ተሸክሜ ስገባ እያየች ወተቷን ያዘች። ስፒከሩ ሲከፈት ሳይሆን ገና ስታየው ነበር የምትደነግጠው። ስለዚህ እናንተ እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስፒከሩን ሳትከፍቱ በቦታው ስቀሉት። ይዩት፣ ያሽትቱት፣ ይልመዱት።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት መኖ ሲሰጥ ብቻ ክፈቱ። መጀመሪያ መኖው ይቅረብ። መብላት ሲጀምሩ ሙዚቃውን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። በየቀኑ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ለአምስት ደቂቃ፣ በኋላ ለአሥር። ስትዘጉም በአንዴ አትዝጉ፣ ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉት።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን አዙሩት። አሁን ሙዚቃው ይቅደም፣ መኖው ይከተል። ላሟ ሙዚቃውን ስትሰማ ወደ ገንዳው መዞር ከጀመረች ተምራለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ማለቢያው ሰዓት አምጡት።

ቸኩላችሁ ይህን ሁለት ሳምንት ብትዘሉት፣ በኋላ ወር ታወጡበታላችሁ።

እርምጃ አምስት፦ ከማለቡ ጋር ማገናኘት

ላም ወተቷን የምትለቀው እንዴት እንደሆነ ካላወቅን ሙዚቃውን የት እንደምናስገባው አይገባንም። ግቷ በሞቀ ውሃ ሲታጠብና ሲዳሰስ፣ ወይም ጥጃዋ ሲጠባ፣ ከአንጎሏ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደሟ ይገባል። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግቷ ይደርስና ወተቱን ከትንንሾቹ ከረጢቶች ጨምቆ ወደ ታች ያወርደዋል። ጉልበቱ የሚቆየው ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ መሀል ከደነገጠች አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ይመጣል። አድሬናሊን ያንን ሥራ ያደናቅፈዋል። አላቢ ሁሉ የሚያውቀው «ያዘች» የሚባለው ነገር ይሄ ነው።

ስለዚህ ሙዚቃውን ከማለባችሁ አሥር ደቂቃ በፊት ክፈቱ። ግት ከማጠባችሁ በፊት የላሟ ልብ ይርጋ። ከዚያ አጠባው፣ ማድረቁ፣ ማለቡ በየቀኑ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሁን። አንዴ ከጀመራችሁ ዘፈን ለመቀየር ስልክ አትነካኩ። ማለቡ ካለቀ በኋላ አምስት ደቂቃ አቆዩትና ዝጉት።

ቀኑን ሙሉ መክፈት አያስፈልግም። ሁልጊዜ የሚሰማ ድምፅ ትርጉም ያጣል። ላም አብዛኛውን ቀን ተኝታ ማመስኳት አለባት፣ ለዚያ ጸጥታ ይሻላታል።

የአገር ላም ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የአገር ላማችን ዳለቻ ጥጃዋ አጠገቧ ከሌለ አትታለብም። ብዙዎቹ የአገር ላሞች እንዲሁ ናቸው። ሙዚቃ ጥጃን አይተካም። ጥጃውን አስጠቡ፣ አጠገቧ እሰሩ፣ ሙዚቃው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ደግሞ ሁሌ ረጋ ያለች ላም ድንገት መራገጥ ከጀመረች ዘፈን አትፈልጉላት። ግቷን ዳስሱ። ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ወተቱ ከረጋ ወይም ደም ከተቀላቀለበት የግት በሽታ ነው። ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ጂማ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለልን፣ በዚህ ዕድለኞች ነን።

እርምጃ ስድስት፦ በደብተር መለካት

«የጨመረች ይመስለኛል» አይበቃም። ላም ከወለደች በኋላ ወተቷ እስከ ሁለተኛው ወር ገደማ ይጨምርና ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በሦስተኛው ሳምንት ሙዚቃ የጀመረ ሰው ሙዚቃው የጨመረው ይመስለዋል። በአምስተኛው ወር የጀመረ ደግሞ የቀነሰው ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

መፍትሔው ማፈራረቅ ነው። አንድ ሳምንት ያለ ሙዚቃ፣ አንድ ሳምንት በሙዚቃ፣ እንደገና ያለ፣ እንደገና በሙዚቃ። መኖው አይቀየር፣ አላቢው አይቀየር፣ ሰዓቱ አይቀየር። አራቱ ሳምንት ሲያልቅ የሁለቱን ዝምታ ሳምንታት አማካይ ከሁለቱ የሙዚቃ ሳምንታት አማካይ ጋር አስተያዩ።

ለምሳሌ የቀን አማካዩ በተራ 8.4፣ 8.5፣ 8.1፣ 8.2 ሊትር ሆነ እንበል። የዝምታው አማካይ 8.25 ነው፣ የሙዚቃው 8.35። ልዩነቱ 0.1 ሊትር ነው፤ አንድ ጭልፋ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሳምንት ብቻ ያየ ሰው ግን ከ8.4 ወደ 8.2 ወርዷልና «ሙዚቃ ወተት ቀነሰ» ይላል።

ወተቱን በጆግ ከለካችሁ አረፋው ያታልላል። አረፋው እስኪወርድ ጠብቁ ወይም በሚዛን መዝኑ። አንድ ሊትር ወተት 1.03 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ላሟ ኮርማ ስትፈልግ፣ ስትታመም፣ መድኃኒት ስትወጋ ያለውን ቀን ምልክት አድርጉበትና ከሒሳቡ አውጡት።

ከወተቱ መጠን ሌላ ሦስት ነገር መዝግቡ። እኔ ከሊትሩ ይልቅ እነዚህን አምናለሁ። አንደኛው፣ ግት መታጠብ ከተጀመረ ወተቱ በደንብ እስኪወርድ ስንት ሰከንድ ፈጀ? ሁለተኛው፣ ስትታለብ ስንት ጊዜ እግሯን አነሳች ወይም ረገጠች? ሦስተኛው፣ በማለቡ ጊዜ አመሰኳች ወይስ እበት ጣለች? የፈራች ላም ብዙ ጊዜ ስትታለብ ትጥላለች። ዓይኗንም እዩ። ነጩ በሰፊው ከታየ ተጨንቃለች። ጆሮዋ ዘና ብሎ ወደ ጎን ከወረደ ደህና ናት።

የኔን ደብተር ልንገራችሁ። የቦራ ወተት በመጠን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። እግር ማንሳቷ ግን ቀነሰ። ወተቷን የምትለቅበት ጊዜም አጠረ። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ተጣድፌ፣ ተረግጬ፣ ተናድጄ የምወጣበት በረት አሁን በሰላም የምወጣበት ሆኗል። አባባ ይህን ስነግራቸው፣ «ታዲያ የተረጋጋኸው አንተ ነህ ወይስ ላሟ?» አሉኝ። ሁለታችንም መሰለኝ። እኔ ስረጋጋ እጄ ይረጋል፣ እጄ ሲረጋ እሷ ትለቃለች።

ዶሮዎች

ዶሮ ላይ ዋናው ጠላት ድንገተኛ ድምፅ ነው። የእንቁላል ዶሮዎች ሲደነግጡ ጥግ ላይ ይደራረባሉ፣ ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት በሩን በቀስታ አንኳኩ ወይም በጉሮሯችሁ ድምፅ አሰሙ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ጫጩት ከገቡበት ቀን ጀምሮ በቀን ጥቂት ሰዓት ዝቅ ያለ ሙዚቃና የሰው ወሬ ያለበት ድምፅ ካለመዳችኋቸው፣ ሲያድጉ በትንሽ በትልቁ አይበረግጉም። እዚህ ላይ ሬዲዮም ይሆናል፣ ድምፁ ዝቅ እስካለ ድረስ።

ማታ ዝጉት። ለእንቁላል ዶሮ በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሊሰጣት ይችላል፣ የቀረው ሰዓት ግን ጨለማም ጸጥታም ይሁን።

ጫጩት ሊፈለፈል አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ያሰማል፣ የእናቱንም ድምፅ ይሰማል። የታቀፈች ዶሮ አጠገብ ሙዚቃ አትክፈቱ። የሷን ቁር ቁር የሚበልጥ ሙዚቃ የለም።

ውሻ

ለውሻ የተደረገው ጥናት ከሌሎቹ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመጠለያ ያሉ ውሾችን የተለያየ ድምፅ አሰሟቸው። ክላሲካል ሲሰሙ በብዛት ተኙ፣ ዝምም አሉ። ሄቪ ሜታል ሲሰሙ ጮሁ። ተራ ፖፕና የሰው ወሬ ብዙ ለውጥ አላመጣባቸውም። ከዚያ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲና የስኮትላንድ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ሰዎች አንድ ቁም ነገር ጨመሩበት። ውሻ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ቶሎ ይለምድና ውጤቱ በቀናት ውስጥ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ሬጌና ለስላሳ ሮክ በተለይ እንዳረጋጋቸው፣ ማፈራረቁም እንደሚጠቅም አሳዩ። ስለዚህ ለውሻ እንደ ላሟ አንድ ዘፈን አትደጋግሙ። አራት አምስት ዓይነት ያዙና በየቀኑ ቀይሩ።

ጂማ ውስጥ ውሻ የሚጨነቀው በነጎድጓድ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ከመጀመሩ በፊት፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቡት። መስኮት ዝጉ፣ ሙዚቃ ክፈቱ፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ከከፈታችሁት ሙዚቃውን ከፍርሃቱ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ለመስቀል ርችት ሲተኮስም እንዲሁ አድርጉ።

ማታ ግቢ ለሚጠብቅ ውሻ ግን ምንም አትክፈቱ። ጅብ ሲመጣ የሚሰማው በጆሮው ነው። ጆሮውን አትያዙበት።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ

ድመት ለኛ ሙዚቃ ግድ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ድመት ደስ ሲላት ከጉሮሮዋ የምታሰማውንና ግልገል ሲጠባ የሚሰማውን ድምፅ መነሻ አድርገው የሠሩትን ሙዚቃ አሰሟት። ወደ ስፒከሩ ቀርባ የታሻሸችው ያኔ ነው። ቀደም ብሎ በ2009 ታማሪን በሚባሉ ትንንሽ ጦጣዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የሰውን ሙዚቃ እምብዛም አላዩትም፣ ከራሳቸው ጥሪ የተቀመመው ግን ነካቸው። በጫካው ዳር ጉሬዛ ለማረጋጋት ብላችሁ ስፒከር ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እነሱ የራሳቸው ድምፅ አላቸው፣ ማለዳ ላይ ብትሰሙት ይበቃችኋል።

የጋሪ ፈረስ ላላችሁ፣ ጋሪው ላይ ስፒከር አትስቀሉ። ፈረሱ ከኋላው የሚመጣውን መኪና በጆሮው መለየት አለበት። ጋጣ ሲገባና ጭነቱ ሲወርድለት ዝቅ ያለ ነገር ብትከፍቱ ግን ጥሩ ነው።

ንብ በአየር ላይ የሚመጣ ሙዚቃን እንደኛ አትሰማም። ንዝረትን ግን በእግሯ ታውቃለች። ከቀፎ አጠገብ ከባድ ቤዝ ያለው ስፒከር ማስቀመጥ ቀፎውን እንደመነቅነቅ ነው። ተዉት።

ስፒከር ለሌላችሁ

ይህን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት የተረዳሁት መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። ሰው ለከብቱ መዝፈን የጀመረው ስፒከር ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ቦረና ውስጥ ወጣቶች ኤላ በሚባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ተደራርበው ቆመው ውሃ ሲያቀባብሉ ይዘፍናሉ፣ ከብቱም ከላይ ድምፁን ሰምቶ ይጠብቃል። ሞንጎሊያ ውስጥ ግልገሏን አላጠባ ያለች ግመል በዜማ ትባበላለች። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2015 በአስቸኳይ ሊጠበቁ ከሚገባቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

እናቴ ይህን ሁሉ አላነበበችም። ስታልብ ግን ታንጎራጉራለች። ሁልጊዜ አንድ ዜማ ነው፣ ግጥም የለውም። የማታውን ማለብ መመዝገብ ስጀምር አንድ ነገር አየሁ። ቦራም ዳለቻም ለሷ ወተት የሚለቁት ለኔ ከሚለቁት ቀደም ብለው ነበር። ያለ ምንም ስፒከር። መጀመሪያ የጠዋትና የማታ ልዩነት መሰለኝ። ሰዓታችንን ለአንድ ሳምንት ተቀያየርን። ልዩነቱ ከሷ ጋር ሄደ።

እናንተም ይህን ሞክሩ። አንድ አጭር ዜማ ምረጡ። መኖ ስትሰጡ አንጎራጉሩ፣ ግት ስታጥቡ አንጎራጉሩ፣ ስታልቡ አንጎራጉሩ። ከእጃችሁ ምት ጋር ይሂድ። በሌላ ሰዓት አታንጎራጉሩት፣ ለሷ ብቻ ይቆይ። አላቢ የሚቀየር ከሆነ አዲሱ ሰው ዜማውን አስቀድሞ ይማረው።

ባለፈው ሰኔ እናቴ ለአሥር ቀን አዲስ አበባ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ዜማዋን በስልኬ ቀዳሁት። በመጀመሪያው ማታ ዳለቻ አጠገብ ጥጃዋን አስሬ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ዳለቻ ማመስኳቷን አቆመች። ሁለት ጆሮዋን አቅንታ ወደ በሩ ዞረች፣ ብዙ ጊዜም እዚያው አየች። ከዚያ ራሷን ወደ ገንዳው መለሰች፣ ወተቱም መጣ።